ኮሶና ብሮማይድ፤ ከልክ ስላለፈ መድኀኒት፥ በወለጋና በሌላውም የኢትዮጵያ ክፍል

በነቀምቴ ከተማ ከሚገኙት ሰፈሮች አንዱ በከኒሳ ቀሴ ይባላል። በከኒሳ፥ በአማርኛ ብሳና የምንለው ዛፍ የኦሮምኛ ስሙ ነው፤ የዕፀዋት ሊቃውንት ክሮቶን ማክሮስታኪዩስ ይሉታል። በወለጋ ቡና ከጥላው ሥር ይተከላል፤ ንብም አበባውን ትወደዋለች። ነገር ግን ይህን ዛፍ ለዚህ ጽሑፍ መነሻ ያደረግሁት በጥላውና በማሩ ምክንያት አይደለም። የብሳና ልጥና ሥር ከጥንት ጀምሮ የሆድ መጥረጊያና የትል ማስወጫ መድኀኒት ነው፤ መጠኑን ያለፈ እንደ ሆነ ግን ያው መድኀኒት አንጀትን የሚያቃጥልና ጠጪውን አልጋ ላይ የሚጥል ነው። አንድ ነገር በአንድ እጅ ሲሰፈር ፈውስ፥ በሌላ እጅ ሲሰፈር መርዝ የሚሆንበትን ታሪክ ለመመርመር፥ የመድኀኒት ዛፍ ስም ከተሸከመ ሰፈር መነሣት ያለ ቦታው አይመስለኝም። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአማርኛ ቋንቋችን ራሱ ይህን ነገር አስቀድሞ የተረዳው ይመስላል። «መድኀኒት» ስንል የሚያድን ነገር ማለታችን ነው፤ «መድኀኒት አበሉት» ወይም «መድኀኒት አጠጡት» ስንል ግን ሰውዬው ተመረዘ፥ ወይም አእምሮውን የሚያስት ነገር ተሰጠው ማለታችን ነው። ሁለቱን የሚለይ ሌላ ቃል ቋንቋው አላስፈለገውም፤ የሚለያቸው ሰጪውና ልኩ ነውና። ስለ ኢትዮጵያ መድኀኒት የጻፉት ሰዎች ግን አብዛኛውን ጊዜ የዛፎቹን ስም፥ የሚያድኑትን በሽታና የአወሳሰዱን ሥርዐት ይዘረዝራሉ እንጂ፥ ስለ ልኩና ልኩ በጠፋ ጊዜ ስለሚደርሰው ጉዳት የሚሉት ጥቂት ነው። የእኔ ጥያቄ በዚህ ላይ ነው። አንድ መድኀኒት በልማድ ዘወትር የሚወሰድ በሆነ ጊዜ፥ የሚያደርሰው ጉዳት ለምን ከዓይን ይሰወራል?

ለዚህ ጥያቄ በጣም የታወቀው ምሳሌ ከእኛ አገር የተገኘ ስላልሆነ፥ በመጀመሪያ እርሱን በአጭሩ ልተርክ። ብሮሚን የሚባለውን ንጥረ ነገር ፈረንሳዊው ባላር በ1826 ከባሕር ጨው ውኃ አገኘው። በ1857 ሰር ቻርልስ ሎኮክ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም፥ ከዚሁ ንጥረ ነገር የሚሠራው የፖታሲየም ብሮማይድ ጨው የሚጥል በሽታን እንደሚያስታግሥ አስታወቀ። ከዚያ በኋላ ብሮማይድ ለሚጥል በሽታ ብቻ ሳይሆን፥ እንቅልፍ ላጣ፥ ለተጨነቀ፥ ራሱን ላመመውም ሁሉ የሚታዘዝ መድኀኒት ሆነ፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝም ከመድኀኒት መደብር ይገዛ ነበር። ጉዳቱ የመጣው ከአንድ ቀን መጠን አይደለም። ሰውነት ብሮማይድን የሚያስወጣው በጣም በዝግታ ነው፤ ከተወሰደው ውስጥ ግማሹ እንኳ ለመውጣት 12 ቀን ያህል ይፈጃል። ስለዚህ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት የሚወስድ ሰው፥ የዛሬው በትናንቱ ላይ እየተደራረበበት ይሄዳል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይፈዛል፤ ይረሳል፤ ምላሱ ይተሳሰራል፤ እግሩ ይንገዳገዳል፤ ፊቱ ላይ ሽፍታ ይወጣል፤ በመጨረሻም የሌለ ድምፅ ይሰማል፥ የሌለ ነገር ያያል። ከሁሉ የሚያሳዝነው ዘመዶቹና ሐኪሙ ይህን ሲያዩ ሕመሙ የባሰበት መስሏቸው ማረጋጊያውን ብሮማይድ ይጨምሩለት ነበር። በ1927 ቩት የተባለ ሐኪም በደም ውስጥ ያለውን ብሮማይድ የመለካትን ጥቅም ካሳየ ወዲህ ነው፥ በአእምሮ ሕሙማን ማረፊያ ከተኙት መካከል አንዳንዶቹን ያሳበዳቸው መድኀኒቱ ራሱ እንደ ነበረ በግልጽ መታወቅ የጀመረው። በዚህ መርዝ ከተያዙት ሰዎች አንዱ ለኢትዮጵያ ታሪክ ተማሪዎች እንግዳ አይደለም። በ1930 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የዘውድ በዓል፥ በ1935 ደግሞ የጣልያንን ወረራ ለጋዜጣ ሊዘግብ ወደ አገራችን የመጣው እንግሊዛዊ ደራሲ ኢቭሊን ዎ፥ ለእንቅልፍ ብሎ ብሮማይድና ክሎራል ሲወስድ ቆይቶ በ1954 ወደ ሴሎን በመርከብ ሲጓዝ የሚሰድቡትና የሚያሴሩበት ሰዎች ድምፅ ይሰማው ጀመር። መድኀኒቱን ሲተው ድምፁም ተወው፤ የደረሰበትንም በ1957 ባወጣው ልብ ወለድ ተረከው። ስለ ኢትዮጵያ የጻፈው በንቀት የተሞላ ስለ ሆነ፥ ይህን አንብቦ ፈገግ የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምርና ወደ አገራችን ልመለስ። ኵላሊት ብሮማይድን ከገበታ ጨው ውስጥ ካለው ክሎራይድ አጥርቶ አይለይም፤ ስለዚህ ጨው በደንብ የሚበላ ሰው ብሮማይዱን ቶሎ ያስወጣል፥ ጨው የሚጐድለው ሰው ግን ይዞ ያስቀረዋል። ለተመረዘውም ሰው ዋናው ሕክምና ጨው መስጠት ነበር። አሞሌ ከአፋር በረሓ ተነሥቶ በትግራይና በጎጃም በኩል ዐባይን ተሻግሮ እስኪደርስ ድረስ ዋጋው እየናረ የሚሄድበት፥ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያም እንደ ገንዘብ የሚቈጠርበት የወለጋ ምድር፥ ለብሮማይድ ምን ዐይነት አገር ይሆን እንደ ነበረ መገመት አያዳግትም። ወለጋ ግን ልማድ ያደረገው ሌላ መድኀኒት ነበር።

ይኸውም ኮሶ ነው፤ በኦሮምኛ ሄጦ ይባላል። የኮሶ ዛፍ የደጋ ዛፍ ነው። ወንዱና ሴቱ ለየብቻው ይበቅላል፤ ለመድኀኒት የሚፈለገው ቀላ ያለው የሴቴው አበባ ነው። አበባው ደርቆ ይፈጫል፥ በውኃ ወይም በጠላ ይበጠበጣል፥ ማለዳ በባዶ ሆድ ይጠጣል። መራራነቱ በቋንቋችን ምሳሌ ሆኖ ቀርቷል፤ በጣም የመረረን ነገር «እንደ ኮሶ መረረኝ» እንላለን። የጠጣ ሰው ከቤት አይወጣም፥ እንግዳም አይቀበልም፤ በዚህም ምክንያት «ኮሶ ጠጥቷል» ማለት ባለቤቱ ዛሬ ሰው አያነጋግርም ማለት ሆነ፥ መኳንንቱም ለማይፈልጉት እንግዳ ይህን ምክንያት ይሰጡ ነበር። በአነጋገር ውስጥ የሚታይ ሌላም አስደናቂ ነገር አለ። ትሉ ራሱ በመድኀኒቱ ስም ይጠራል፤ ሰው «ኮሶ አለብኝ» ሲል በሽታውን መናገሩ ነው። በሽታ ስሙን ከመድኀኒቱ የሚወስደው፥ መድኀኒቱ ከበሽታው ይልቅ የሚታወቅና ሁልጊዜ በቤት ያለ ሲሆን ነው። (እንግሊዞችም ከ1906 ጀምሮ፥ ጌሌት በርጄስ በተባለ አሜሪካዊ ቀልደኛ ምክንያት፥ የሚያሰለች ንግግርንና አሰልቺ ሰውን «ብሮማይድ» ይሉታል። የእኛ መድኀኒት በመራራነቱ፥ የእነርሱ ደግሞ በማስተኛቱ ቃል ሆኖ ቀረ።)

ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1770ዎቹ መጀመሪያ በጎንደር ከተቀመጠ በኋላ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ የዚህን ዛፍ ሥዕል አወጣ፤ ኢትዮጵያውያን ወንዱም ሴቱም በየወሩ ትል እንደሚያስወጡ ጽፎ በግዴለሽነታቸው ተደነቀ። ሌሎች ደግሞ የኮሶ ጊዜ በየሁለት ወሩ ነው ይላሉ። ይህ መመላለስ ለተጓዦቹ የአገር ልማድ ብቻ መሰላቸው፤ ምክንያቱ ግን በትሉ ተፈጥሮ ውስጥ ነበር። ከጥሬ የበሬ ሥጋ የሚገኘው ትል በአንጀት ላይ በራሱ ተጣብቆ ብዙ ሜትር የሚረዝም ነው። ኮሶ አብዛኛውን ጊዜ ረጅሙን አካል ይቈርጥና ያወጣል እንጂ ራሱን አያስለቅቀውም። ያ የቀረው ራስ እንደገና ያድግና ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ቍርጥራጩ ተመልሶ ይታያል። ስለዚህ የኢትዮጵያ የኮሶ ቀን መቍጠሪያ በእውነቱ የትሉ የዕድገት መቍጠሪያ ነበር። ጥሬ ሥጋ ለትሉ ምክንያት መሆኑን የአውሮፓ ሊቃውንት በምርመራ ያረጋገጡት በ1860ዎቹ ነው።

ከዚህ ላይ አንባቢው እንዲያስተውልልኝ የምፈልገው ነገር አለ። ትሉ ተመልሶ ሲታይ ጠጪው ምን ይላል? ሥጋውን ሳያበስል መብላቱን አይጠራጠርም፤ የትሉ ራስ መቅረቱንም አያውቅም። የሚቀርበው ሐሳብ «ያለፈው አነሰኝ» የሚል ነው። ብሮማይድ የወሰደው አውሮፓዊ ሲብስበት ማረጋጊያው እንደ ተጨመረለት፥ ኮሶ የጠጣውም ሰው ትሉ ሲመለስበት ዋንጫውን ሞላ አድርጎ ሊጠጣ ይችላል። በሁለቱም ዘንድ የመድኀኒቱ ድካም ወይም ጉዳት የመጠን ማነስ መስሎ ይታያል። ልዩነታቸው እዚህ ላይ ነው፤ ብሮማይድ በመደራረብ ሲመርዝ ኮሶ ግን የሚመርዘው በአንድ ማለዳ ነው።

ታዲያ በኢትዮጵያ የኮሶን ልክ የሚጠብቀው ማን ነበር? በመጽሐፍ የተጻፈ መስፈሪያ አይደለም። ኮሶ ወደ አውሮፓ የገባው፥ በ1820ዎቹ ብራየር የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም በቍስጥንጥንያ አይቶት ካደነቀው በኋላ ነው፤ በብሪታንያ የመድኀኒት መጽሐፍ በገባ ጊዜም መጠኑ በአውንስ ተለክቶ ተጻፈለት፤ ከግማሽ አውንስ (ከ15 ግራም ገደማ) አይበልጥም። በእኛ አገር መስፈሪያው እፍኝ ነው፤ እፍኙም የእናት፥ የአሮጊት ወይም የኮሶ ሻጭ እፍኝ ነው። እነዚህ ሴቶች የአበባውን ቀለም አይተው፥ ዕድሜውንም ገምተው ለሕፃን ይህን ያህል፥ ለደካማ ይህን ያህል ብለው ይሰፍሩ ነበር። ዕድሜውን ማወቅ ትልቅ ነገር ነው፤ የኮሶ አበባ በቆየ ቍጥር ኃይሉ ይደክማልና። ዓመት ያለፈውን አበባ መጠጣት የለመደ ሰው ያንኑ እፍኝ ከአዲሱ አበባ ቢወስድ፥ በእጁ ያለው ልክ ሳይለወጥ በሆዱ ውስጥ የገባው ኃይል ተለውጧል።

ይህን ዕውቀት የያዙት ሴቶች ግን በኅብረተሰቡ ዘንድ የተናቁ ነበሩ። ከዐፄ ቴዎድሮስ ታሪክ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁለትም። የቋራው ካሳ ገና ሳይነግሥ ጠላቶቹ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይሰድቡት እንደ ነበር፥ በእቴጌ መነን የተላከው ደጃዝማች ወንድይራድም ይህንኑ የኮሶ ሻጭ ልጅ ይዤ እመጣለሁ ብሎ እንደ ፎከረ ይተረካል። ወንድይራድ በጦርነቱ ድል ሆኖ በተያዘ ጊዜ ካሳ፥ እናቱ ገበያ ወጥታ ኮሶዋ ስላልተሸጠላት ለእራት ሌላ የምታቀርበው እንዳላገኘች ነግሮ፥ ኮሶ አቀረበለት፤ አስገድዶም አበላው ይባላል። ይህን ታሪክ ብዙዎቻችን እየሳቅን ነው የተማርነው። የመድኀኒትን ታሪክ ለሚመረምር ሰው ግን ሁለት ነገር ያስረዳል። አንደኛው፥ አገር ሁሉ፥ ንጉሥም ባላገርም፥ የማይኖርበት መድኀኒት መሸጥ ለስድብ የሚበቃ ሥራ እንደ ነበረ ነው። ሁለተኛው፥ ኮሶ ከሚሰፍረው እጅ ወጥቶ በሚቀጣ እጅ ሲገባ ምን እንደሚሆን ሁለቱም ወገኖች ያውቁ እንደ ነበረ ነው፤ የማይጐዳ መጠጥ ለቅጣት አይመረጥምና። የተናቀ ሰው ዕውቀት ደግሞ ጸሐፊ አያገኝም። ስለ ኮሶ ልክ የተጻፈልን ጥቂት መሆኑ ልክ ስላልነበረው ሳይሆን፥ ልኩን የሚያውቁት ሴቶች ስላልተጠየቁ ይመስለኛል።

ልኩ ባለፈ ጊዜ የሚደርሰው ጉዳት ይህ ነው፦ ብርቱ ትውከት፥ የሆድ ቍርጠት፥ መዝለፍለፍ፥ አንዳንድ ጊዜም ሞት። እርጕዝ ሴት የጠጣች እንደ ሆነ ፅንሱ ሊወርድ ይችላል፤ ይህም በአገር ቤት የታወቀ ስለ ሆነ ሆን ብለው ለዚሁ የሚጠጡት ነበሩ። ከሁሉ የከፋው ግን የዓይን ጉዳት ነው። በ1969 ሮኮስ የተባለ ሐኪም በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ፥ በኮሶ በተመረዙ ሰዎች ዓይን ላይ ስለ ደረሰው ጉዳት ጻፈ። ለሕክምና ሰዎች ነገሩ ፍጹም አዲስ አልነበረም፤ በአውሮፓ ለዚሁ ትል ይሰጥ የነበረው የፈርን ሥር ሲበዛ ሰውን እንደሚያሳውር ቀድሞ ታውቋል። የኮሶ አበባና የፈርን ሥር በዕፀዋት ትውልድ ፈጽሞ የማይዛመዱ ሲሆኑ፥ ትሉን የሚያደነዝዘው በውስጣቸው ያለው ንጥረ ነገር ግን የአንድ ኬሚካዊ ቤተ ሰብ ነው።

በዚያው በ1969 ሪቻርድ ፓንክረስት ስለ ኢትዮጵያ ባህላዊ የትል መድኀኒቶች አንድ የታሪክ ጽሑፍ አወጣ፤ ተጓዦች ለዘመናት የጻፉትን በትጋት የሰበሰበ ሥራ ነው። ሁለቱን ጽሑፎች አቀራርቦ የሚያነብ ሰው አንድ ነገር ይሰማዋል። በታሪክ ምሁሩ ዘንድ ኮሶ የሚጠጣ ሕዝብ አለ፤ በዓይን ሐኪሙ ዘንድ በኮሶ ዓይኑ የጠፋ ግለሰብ አለ። ሕዝቡን ያየነው በተጓዦች ዓይን ነው፤ ተጓዥ ደግሞ የኮሶውን ማለዳ ያያል እንጂ ከወር በኋላ በግድግዳ እየተመራ የሚሄደውን ሰው ለማየት አይቆይም። በየመንደሩ ዓይኑ የጠፋ ሰው በማዝ ወይም በፈንጣጣ ወይም በእግዚአብሔር ቍጣ ታወረ ይባል በነበረበት ዘመን፥ በኮሶ የታወረውን ማን ለየው?

ወደ ወለጋ ስንመለስ ጉዳዩ የራሱ መልክ አለው። ነቀምቴ ከባሕር ጠለል በላይ 2100 ሜትር ያህል ከፍታ ያላት ናት፤ የኮሶ ዛፍ ግን በደንብ የሚገኘው ከዚያ ከፍ ባለው ደጋ ነው። ስለዚህ በነቀምቴና በዝቅተኞቹ የወለጋ ከተሞች ኮሶ ከጓሮ የሚቀጠፍ ሳይሆን ከገበያ የሚገዛ ደረቅ ነገር ነው። ከገበያ የሚገዛ አበባ ደግሞ ዕድሜው አይታወቅም፤ ከዛፉ እስከ ጠጪው ባለው መንገድ ብዙ እጅ ያልፋል፥ እያንዳንዱ እጅም ስለ ዕድሜው ለሚቀጥለው እጅ የሚናገረው ያንሳል። በቆላውና በወይና ደጋው ያለው ሕዝብ ሌሎች የትል መድኀኒቶችንም የሚጠቀመው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ ሃንቁ የሚባለውን እንቆቆን፥ ቀጨሞን፥ መተሬን፥ እንዲሁም በመጀመሪያ ያነሣነውን በከኒሳን። እንቆቆና መተሬ ከኮሶ ይልቅ ገራም መሆናቸው በሰፊው ይታመናል። በከኒሳ ግን እንደ ኮሶ ጨካኝ ነው፤ ስለዚህ ከኮሶ ወደ በከኒሳ የሚሸጋገር ሰው ከአንድ ያልተለካ ነገር ወደ ሌላ ያልተለካ ነገር መሸጋገሩ ነው።

በሚዛን የሚለካ መድኀኒት ወደ ወለጋ የገባው በሚሲዮን ሐኪሞች እጅ ነው። በ1918 የኅዳር በሽታ አገሩን ከመታ በኋላ በአገረ ገዥው ጥሪ አሜሪካዊው ሐኪም ቶማስ ላምቢ በ1919 ወደ ሳዮ፥ ማለት ወደ ደምቢ ዶሎ መጣ። የሄርማንስቡርግ ጀርመኖች በ1928 አይራ ሰፈሩ። አናሲሞስ ነሲብ ከ1904 ጀምሮ ባስተማረባትና በ1931 ባረፈባት በነቀምቴ ደግሞ የስዊድን ሚሲዮን ሐኪም ቤት በ1932 ተከፈተ። እነዚህ ቤቶች ሦስት ነገር አመጡ፤ ሚዛን፥ በወረቀት የተጻፈ መጠን፥ የበሽተኞች መዝገብ። ይሁን እንጂ ሐኪም ቤቱና የኮሶው ማለዳ ለረጅም ጊዜ ተለያይተው ኖሩ። ኮሶ መጠጣት ሕመም ስላልሆነ ማንም ሐኪም አያማክርበትም፤ ሐኪም ቤት የሚመጣው ካበዛ በኋላ ነው፥ ያውም ቤተ ሰቦቹ ሊሸከሙት ከቻሉ። ሐኪሙም የሚያየው የሚያስመልስና የተዝለፈለፈ ሰው ነው፤ ስንት እፍኝ፥ ከየትኛው ዓመት አበባ እንደ ጠጣ የሚነግረው የለም።

የኮሶ ዘመን ያበቃው በምክር ሳይሆን በክኒን ነው። በ1960 ገደማ ኒክሎሳማይድ ወጣ፤ ኋላም ፕራዚኳንቴል ተከተለው። ኒክሎሳማይድ ከኮሶ የሚለይበት ምክንያት ለዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ነው፤ ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ ትሉን ሲገድል ሰውን አይነካም። በኮሶ ዘንድ ለትሉ የሚበቃውና ለሰው የሚበዛው መጠን ተቀራራቢ ናቸው፤ ያን ጠባብ መካከል ጠብቆ ማሳለፍ የአሮጊቶቹ ሙያ ነበር። ክኒኑ ያን ሙያ አላስፈላጊ አደረገው። ይህ ታላቅ በጎ ነገር ነው፥ እኔም የኮሶ ማለዳን ከሚናፍቁት ወገን አይደለሁም፤ የተወለድሁትም ክኒኑ የአገር ልማድ ከሆነ በኋላ ነው።

ኮሶ ግን ፈጽሞ አልጠፋም። ዛሬም በየገበያው ከእንቆቆና ከመተሬ አጠገብ ይሸጣል፤ ከዛፍና ከቅጠል የተገኘ መድኀኒት ሁሉ ጉዳት የለውም የሚል አስተሳሰብም ከትምህርት ጋር አብሮ እየተስፋፋ እንጂ እየቀነሰ አልሄደም። አያቶቻችን እንዲህ አላሉም። እነርሱ ኮሶ እንደሚገድል ስለሚያውቁ በዕድሜ በሚለካ እፍኝ ይሰፍሩት ነበር፤ ዛሬ አበባው አለ፥ የሚሰፍረው እጅ ግን የለም። የባህል መድኀኒት ተመራማሪዎቻችን የዛፎችን ስም ለመሰብሰብ ወደ ወለጋ ሲወርዱ፥ ስሙን ከነገራቸው ሰው ዘንድ ጥቂት ቆይተው እፍኙን ከነአበባው በሚዛን ላይ እንዲያደርግላቸው ቢለምኑት፥ እስከ ዛሬ በየትኛውም መጽሐፍ ያላገኘነውን ቍጥር ያገኙ ነበር። የሰፋሪዎቹ ዕድሜ ግን አሁን ሰማንያውን እያለፈ ነው።